የጥርስ ሐኪም ለምን ይቀመጣል?

የጥርስ ሕመም ምን ያህል እንቅልፍ እንደሚነሣ የቀመሰው ሁሉ ያውቀዋል። ከደዋ ጨፋ ወይም ከአርጡማ ፉርሲ ገጠር የተነሣ በሽተኛ ሥራውን ፈትቶ፣ የመንገዱን ከፍሎ ከሚሴ ሲደርስ የሚገባበት የሕክምና ክፍል እንዴት ቢሰናዳ ይበጃል? ነገሩ የጌጥ ነገር አይደለም፤ ጥርሱ ይዳን ወይስ ይነቀል የሚለው በከፊል በዚያ ክፍል ዝግጅት ይወሰናልና።

በቀድሞ ዘመን የጥርስ ሐኪም ቀኑን ሙሉ ቆሞና ጎብጦ ይሠራ ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1871 ዓ.ም. አሜሪካዊው ጄምስ ሞሪሰን እንደ ልብስ ስፌት መኪና በእግር የሚረገጥ መሰርሰሪያ አወጣ። በ1957 በአየር ግፊት እየተሽከረከረ በደቂቃ እስከ 300,000 ጊዜ የሚዞር መሰርሰሪያ ለገበያ ቀረበ። በ1958 ደግሞ በሽተኛውን የሚያስተኛ ወንበር ተሠራ፤ ሐኪሙም ተቀምጦ ለመሥራት ቻለ።

የዚህ ጥቅሙ ምንድን ነው? በሽተኛው ሲጋደም አፉ ከሐኪሙ ክርን ጋር ይስተካከላል። ሐኪሙም ወገቡ ሳይጎብጥ፣ አንገቱ ሳይጣመም ይሠራል። ረዳቱ ከማዶ ተቀምጦ ምራቁን በመምጠጫ ይስባል፤ መሣሪያም ያቀብላል። ወገቡን የማያመው ሐኪም እስከ መጨረሻው በሽተኛ ድረስ ለመጠንቀቅ አቅም ይኖረዋል።

ዳሩ ግን ይህ ሁሉ መሣሪያ ያለ ኤሌክትሪክና ያለ ንጹሕ ውሃ ዋጋ የለውም። ከወንበሩም የሚቀድም ዕቃ አለ፤ ይኸውም የእንፋሎት መቀቀያው ነው። መሣሪያው በታመቀ እንፋሎት በ121 ዲግሪ ሙቀት ለ15 ደቂቃ ይቀቀላል። በሚገባ ያልተቀቀለ ጉጠት የአንዱን ሰው በሽታ ለሌላው ሊያስተላልፍ ይችላል።

መብራት ቢጠፋስ? በ1980ዎቹ አጋማሽ በታንዛኒያ አንድ ዘዴ ተሞከረ፤ የበሰበሰው የጥርስ ክፍል በእጅ መሣሪያ ብቻ ተጠርጎ ጉድጓዱ ከጥርስ ጋር በሚጣበቅ ሙሌት ይደፈናል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ1994 ዘዴውን ለሀገሮች ሁሉ አስተዋወቀ። እንግዲህ መብራት ጠፋ ተብሎ ሊድን የሚችል ጥርስ አይነቀልም።

ነገ የዕቃ ግዢ ወረቀት የምታዘጋጁ ወጣት ሠራተኞችና ተማሪዎች ይህን ልብ በሉ። የወንበሩን ማማር ከማየታችሁ በፊት ውሃው፣ ጄኔሬተሩ፣ መቀቀያው፣ መለዋወጫውና ጠጋኙ ባለሙያ መኖራቸውን ጠይቁ። ከሩቅ የመጣው በሽተኛ ጥርሱን አድኖ ወደ ቤቱ የሚመለሰው እነዚህ ሲሟሉ ነው።