ለሁለት ሰዓት ስብሰባ የሁለት ቀን መንገድ

ከአዲስ አበባ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለሁለት ሰዓት ስብሰባ አምስት ሰው ሲላክ የነዳጁ፣ የአልጋውና የውሎ አበሉ ወጪ ብዙ ጊዜ ከስብሰባው ፍሬ ይበልጣል። ይህን በኢንተርኔት እየተያዩ በመነጋገር መቀነስ ይቻላል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ስካይፕ በ2003 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ በ2006 ምስል ጨመረ፤ በ2025 ተዘግቷል። ዛሬ ብዙዎች በዙምና በጉግል ሚት ይጠቀማሉ። በዙም ያለ ክፍያ የሚደረግ ስብሰባ በ40 ደቂቃ ይቋረጣል፤ እኔ ግን ይህን እንደ ጉዳት አላየውም፤ ንግግር ለምናበዛ ሰዎች (ሰባኪዎችን ጨምሮ) ገደብ ይጠቅመናል።

ኔትወርክ ሲደክም ካሜራውን ዝጉት፤ ዳታ የሚበላው ምስሉ ነው፣ ድምፅ ጥቂት ይበቃዋል። ሰነዱን አስቀድማችሁ በኢሜይል ወይም በቴሌግራም ላኩ። በአንድ ክፍል ሆናችሁ የምትገቡ ከሆነ የአንዱ ኮምፒውተር ድምፅ ብቻ ይከፈት፤ አለዚያ ድምፁ እየተመላለሰ ያስቸግራችኋል።

እስቲ እውነቱን እንነጋገር፤ የብዙ ጉዞ ምክንያቱ ስብሰባው ሳይሆን አበሉ ነው። ደመወዙ ወር የማያደርሰው ሠራተኛ በአበሉ የቤት ኪራይ ይከፍልበታል። ጉዞውን ስትሰርዙ ከእርሱ ኪስ እንደምትወስዱ እወቁ። ስለዚህ ኃላፊ የሆናችሁ፣ ከሚተርፈው ገንዘብ ለሠራተኛው ምን እንደሚደርሰው አስቀድማችሁ ከእርሱ ጋር ተነጋገሩበት። የተጣሉ ሰዎችን ለማስታረቅ፣ ሠራተኛ ለማሰናበት ወይም ግንባታ ለማየት ከሆነ ግን መኪናውን አስነሡ።