በሉት ለማጀብ የሚስማሙ የቼክ የባሮክ ዘመን መዝሙሮች

የዛሬው ርእሳችን ስለ ሙዚቃ ነው። በ17ኛው መቶ ዘመን በቼክ አገር፣ በቼክ ቋንቋ ብዙ መዝሙሮች ተደርሰዋል። ከእነዚህ ውስጥ በሉት ታጅቦ ለመዘመር የሚስማማውን የሚሻ ሰው ከየት ይጀምራል? የትኛውንስ ይመርጣል? ይህንን አንድ በአንድ እንመልከት።

በመጀመሪያ ሉት ምንድን ነው? ሉት ጀርባው ክብ፣ ፊቱ ጠፍጣፋ የሆነ በጣት የሚመታ የክር መሣሪያ ነው። የዓረቦቹ ዑድ ዘመድ ሲሆን ስሙም የመጣው ከዚያው ነው። እዚህ እስራኤል ውስጥ ዑድ ሲመታ የሰማችሁ ሰዎች መልኩን በቀላሉ ትገምታላችሁ። ድምፁ ለስላሳ ስለሆነ የአንድን ዘማሪ ቃል ሳይሸፍን ያጅባል።

አሁን ወደ ዘመኑ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1620 በፕራግ አጠገብ በነጭ ተራራ በተደረገው ጦርነት የቼክ ፕሮቴስታንት መኳንንት በንጉሠ ነገሥቱ ጦር ተሸነፉ። በ1627 በወጣው ሕግ ከክርስትና ወገኖች የተፈቀደው የካቶሊክ እምነት ብቻ ሆነ፤ ጀርመንኛም ከቼክ ቋንቋ ጋር እኩል ተደረገ። ብዙ ሰዎች አገራቸውን ጥለው ተሰደዱ። ጀርመንኛ በሹማምንቱ ዘንድ እየገነነ ሲሄድ፣ የቼክ ቋንቋ በሕዝቡ አፍ ጸንቶ ከቆየባቸው ነገሮች አንዱ መዝሙር ነበር። ስለዚህ እነዚህን መዝሙሮች መፈለግ ዜማ ከመልቀም ያለፈ ጥቅም አለው። መዝሙሩ ሲዘመር ቋንቋውም አብሮ ይሰማል።

ከደራሲዎቹ መካከል በቅድሚያ የሚጠቀሰው አዳም ሚህና ነው። ይንድርዢሁፍ ህራዴትስ በምትባል ከተማ የኦርጋን ተጫዋች ነበር፤ ግጥሙንም ዜማውንም ራሱ ይደርስ ነበር። በ1647 «የቼክ የማርያም ሙዚቃ»፣ በ1653 «የቼክ ሉት»፣ በ1661 ደግሞ የዓመቱን በዓላት የሚከተል የመዝሙር መጽሐፍ አሳተመ። በ1676 አረፈ።

እዚህ ላይ ማስተዋል ያስፈልጋል። «የቼክ ሉት» የተባለው መጽሐፍ በስሙ ሉትን ቢጠራም ለሉት የተጻፈ ክፍል የለውም። በውስጡ ያሉት 13 መዝሙሮች የተደረሱት ለአንድ ወይም ለሁለት ድምፅ፣ ለቫዮሊኖችና ለባስ ነው። ስሙን አይቶ የሉት ኖታ የሚጠብቅ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል፤ ባሱን የሚያነብ ግን የሚፈልገውን ያገኛል። ምክንያቱም በዚያ ዘመን አጃቢው ከባሱ መስመር ተነሥቶ የቀረውን ድምፅ ራሱ ይሞላ ነበር። ከባሱ ጋር ቁጥር ካልተጻፈ ሦስተኛውንና አምስተኛውን ድምፅ ይጨምራል፤ 6 ከተጻፈ ደግሞ ሦስተኛውንና ስድስተኛውን። ይህንን ሥራ ኦርጋንም ሉትም ሊሠራው ይችላል።

የ1647ቱ መጽሐፍ ለብዙ ድምፆች የተጻፈ ነው። በዚህ ጊዜ የላይኛውን ድምፅ መዘመር፣ የታችኞቹን በሉት መምታት ይቻላል። በዚህ መጽሐፍ ያለው የሕፃኑ ማስተኛ መዝሙር ቼኮች እስከ ዛሬ በገና የሚዘምሩት ስለሆነ ለጀማሪ ጥሩ መነሻ ነው።

ከዚህ በኋላ ምርጫው በሦስት ነገሮች ይመዘናል፦

1ኛ፦ የሉቱ ቅኝት። የቀድሞው ሉት ስድስቱ ዋና ክሮች ከታች ወደ ላይ ሶል፣ ዶ፣ ፋ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል ተብለው ይቃኛሉ። የኋለኛው የባሮክ ሉት ላ፣ ሬ፣ ፋ፣ ላ፣ ሬ፣ ፋ ነው። መዝሙሩ ለጣት ካስቸገረ ወይም ለዘማሪው ከፍ ካለ፣ ሁሉንም እኩል ዝቅ አድርጎ መጻፍ ይቻላል።

2ኛ፦ የባሱ ፍጥነት። ባሱ በዝግታ የሚሄድ ከሆነ ለሉት ይመቻል፤ በጣም ከተቻኮለ ግን ከላይ ያለውን ድምፅ ለመሙላት ጣት አይበቃም።

3ኛ፦ ቃሉ። በቼክ ቋንቋ የቃል ጥብቀት በመጀመሪያው ክፍለ ቃል ላይ ይውላል፤ ረጅምና አጭር አናባቢም ይለያል። ስለዚህ መጀመሪያ ግጥሙን ያለ ዜማ ጮክ ብሎ ማንበብ ይጠቅማል። ይዘቱ የካቶሊክ ጸሎት መሆኑንም ዘማሪው አውቆ ይምረጥ።

ስለ አመታቱ ለመማር ደግሞ በ1721 በፕራግ ያረፈው ባላባት ያን አንቶኒን ሎዚ ይጠቅማል። የሉት ሥራዎቹ ያለ ዘማሪ የተደረሱ ናቸውና መዝሙር አይፈለግባቸውም። ነገር ግን የቼክ አገር ሉት እንዴት ይናገር እንደነበር ያሳያሉ። በሞቱ ጊዜ ስመ ጥሩው የሉት ተጫዋች ሲልቪዩስ ሊዮፖልድ ዋይስ የኀዘን ሙዚቃ ደርሶለታል።

እንግዲህ በአንድ መዝሙር ጀምሩ። ባሱን ብቻ እየመታችሁ ዘምሩት፤ ሲጸና ሌላውን ድምፅ ጨምሩበት። በመጽሐፍ ውስጥ ተዘግቶ የቆየ መዝሙር በዚህ መንገድ እንደገና ይሰማል። ለዛሬው በዚሁ እናብቃ።