ሰዓት የሚያከብር ስልክ

በቶሮንቶ ምዕራባዊ ክፍል ባለችው ኢቶቢኮ፣ በኦንታሪዮ ሐይቅ ዳር፣ የሀምበር ፖሊቴክኒክ (የቀድሞው ሀምበር ኮሌጅ) የሙዚቃ ትምህርት ክፍል ይገኛል። ወደ ሰሜን ሲኬድ ደግሞ እንደ ሬክስዴል ያሉ ረጃጅም አፓርታማዎች የሞሉባቸው ሰፈሮች አሉ። ጎረቤት ከግድግዳው ማዶ በተኛበት ሌሊት ከበሮ አይመታም፤ ስቱዲዮ መከራየትም ገንዘብ ይጠይቃል። ስለዚህ ችክችካ መሥራት ለሚሻ ወጣት ቅርቡ ስቱዲዮ ኪሱ ውስጥ ያለው ስልክ ነው፤ ጋራዥባንድ፣ ባንድላብ ወይም ኤፍኤል ስቱዲዮ ሞባይል ይጭንና ይጀምራል። ድምፁ መንጣጣትና መቆራረጥ ሲጀምር፣ የነካው ከበሮም ዘግይቶ ሲሰማው፣ ስልኩ አቅም አነሰው ብሎ ይደመድማል። ይህ ድምዳሜ አብዛኛውን ጊዜ ያሳስታል። ሙዚቃ ከስልክ አስቀድሞ የሚፈልገው ሰዓት ማክበርን ነው፤ ጉልበት ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ስልክ ድምፅ የሚያወጣው በሴኮንድ 48,000 ያህል ናሙናዎችን አስልቶ ነው። እነዚህን አንድ በአንድ አይልክም፤ በፈር በሚባል ቋት እያጠራቀመ በጥቅል ይለቃቸዋል። ቋቱ 256 ናሙና ከያዘ አንዱ ጥቅል 5 ሚሊሴኮንድ ገደማ ይፈጃል፤ 1,024 ከያዘ 21 ይሆናል። ትንሽ ቋት መዘግየትን ይቀንሳል፣ ግን ፕሮሰሰሩ ቀጣዩን ጥቅል በዚያች ቅጽበት ማድረስ አለበት። አማካይ ፍጥነቱ ምንም ቢልቅ፣ አንዴ ካረፈደ ድምፁ ይንጣጣል። ስለዚህ መተግበሪያው ምርጫውን ከሰጠ፣ ሲቀዱ ቋቱን ማሳነስ፣ ሲያቀናብሩ ማስፋት ይበጃል።

ትልቁ የጊዜ ሌባ ግን ብሉቱዝ ነው። ብዙ ገመድ አልባ ማዳመጫዎች ድምፁን ከ100 እስከ 200 ሚሊሴኮንድ ያዘገያሉ። በደቂቃ 120 ዋና ምት በሚሄድ ችክችካ፣ ዋናው ምት ለሦስት ሲከፈል እያንዳንዱ ንዑስ ምት 167 ሚሊሴኮንድ ነው፤ ተጫዋቹ የራሱን ምት ወደ አንድ ንዑስ ምት ተጠግቶ ዘግይቶ ይሰማዋል ማለት ነው። ይህን አዲስ ስልክ አያድነውም፤ ባለገመድ ማዳመጫ ያድነዋል። ከዚያ ባትሪ ቆጣቢውን ማጥፋት ያስፈልጋል፣ ፕሮሰሰሩን ሆን ብሎ ያቀዘቅዘዋልና። ስልክ ሲግልም ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ቻርጅ እያደረጉ፣ በወፍራም ሽፋን ውስጥ ሆኖ መቅዳት የሚያስቸግረው ለዚህ ነው። ያለቀ ትራክ ሪቨርብ ከሚባለው የማስተጋባት ውጤቱ ጋር ወደ ድምፅ ፋይል ከተቀየረ ደግሞ ስልኩ በየቅጽበቱ እንደገና ከማስላት ያርፋል።

ትንሽ መዘግየትማ ይለመዳል የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው፤ 10 ሚሊሴኮንድ ማለት ከድምፅ ማጉያ ሦስት ሜትር ተኩል ያህል ርቆ እንደመቆም ነው፣ የባንድ ተጫዋቾችም ችለውት ይጫወታሉ። ዘፋኝ ላይ ግን ይከብዳል፤ ድምፁ በአጥንቱ በኩል ወዲያው ስለሚደርሰው ከማዳመጫው የሚመጣው ቅጂ ይጋጭበታል። አዲስ ስልክ ይሻላል የሚለው ክርክርም አንዳንዴ ልክ ነው። ጉግል አኦዲዮ የሚባለውን አጭር የድምፅ መንገድ ያስገባው በ2017 በወጣው አንድሮይድ 8 ነው፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ብዙ ስልኮች ላይ ከላይ የተጠቀሰው ማስተካከያ የሚያመጣው ለውጥ ውስን ነው። መግዛት ግድ ሲሆን ግን ከፕሮሰሰሩ ስም በፊት የማዳመጫ ቀዳዳ መኖሩ፣ ከሌለም በዩኤስቢ የሚሰካ ባለገመድ ማዳመጫ መቀበሉ ይታይ፤ ሱቁ ውስጥም መተግበሪያውን ከፍቶ ከበሮውን መታ መታ አድርጎ መስማት ይቻላል።