የዓይን ግፊትና የዕለት ተዕለት ልማዳችን

ከሐረር ተነሥቶ በባቢሌ በኩል ወደ ጅግጅጋ የሚጓዝ ሰው የካራማራን ዳገት ሲወጣ ጆሮው ይደፈናል። ግላኮማ ያለበት መንገደኛ በዚህ ጊዜ «ጆሮዬን እንዲህ ያደረገ ከፍታ ዓይኔንስ ምን ያደርገው ይሆን?» ብሎ ቢሠጋ አይፈረድበትም። ከፍታ በ100 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአየር ግፊት ከ7 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይቀንሳል። የጤናማ ዓይን ግፊት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 21 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። ስለዚህ የ300 ሜትር ዳገት በአየሩ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ዓይን በጠቅላላ ካለው ግፊት ጋር የሚስተካከል ነው።

ሆኖም ዓይን አይጎዳም። ሐኪም የሚለካው በዓይን ውስጥና በውጭው አየር መካከል ያለውን የግፊት ልዩነት ነው። ጆሮ ውስጥ የታሸገ አየር አለ፤ ዓይን ውስጥ ያለው ግን ፈሳሽ ስለሆነ የውጭው ግፊት ሲቀንስ የውስጡም አብሮ ይቀንሳል። (በሬቲና ቀዶ ሕክምና ጊዜ ዓይኑ ውስጥ ጋዝ የተደረገለት ሰው ግን ከዚህ ይለያል፤ ጋዙ እስኪጠፋ ድረስ ያለ ሐኪሙ ፈቃድ ዳገት መውጣትም ሆነ በአውሮፕላን መሄድ የለበትም።)

ታዲያ ያ ልዩነት በምን ይወሰናል? በየቤቱ ያለውን የውኃ ሮቶ እናስብ። ከላይ ውኃ ሳያቋርጥ ይገባል፤ ከታች ቧንቧው ተከፍቶ ይወጣል። የውኃው ከፍታ እየጨመረ ሄዶ የሚወጣው ከሚገባው ጋር እኩል ሲሆን ባለበት ይቆማል። ቧንቧው በደለል ቢጠብ ሮቶው አይፈስም ማለት አይደለም፤ ውኃው ከፍ ብሎ ያንኑ መጠን በጠባቡ ቀዳዳ ይገፋዋል እንጂ።

ዓይንም እንዲሁ ነው። በደቂቃ 2.4 ማይክሮ ሊትር ያህል ፈሳሽ ያመነጫል። ፈሳሹ በማዕዘኑ ባለ ወንፊት መሰል ሕብረ ሕዋስ አልፎ ወደ ደም ሥር ይገባል። ለእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ግፊት ወንፊቱ በደቂቃ 0.3 ማይክሮ ሊትር ቢያሳልፍ፣ 2.4 ለ0.3 ሲካፈል 8 ይሆናል። በተቀባዩ ደም ሥር ያለው 9 ሲደመርበት 17 ይመጣል፤ ጤናማ ዓይን ነው። ወንፊቱ በግማሽ ቢደፈን 8 የነበረው 16 ይሆንና ድምሩ 25 ይደርሳል። የተለመደው ግላኮማ በአብዛኛው ይህ ነው። ሕመም የለውም፤ የዕይታን ነርቭ ለዓመታት እየጎዳ ከዳር ጀምሮ ብርሃንን ይወስዳል። የተወሰደው ደግሞ በመድኃኒትም ሆነ በቀዶ ሕክምና አይመለስም። በ1998 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገ ጥናት ለዓይነ ስውርነት ምክንያት ከሆኑት ውስጥ የግላኮማ ድርሻ 5.2 በመቶ ነበር። ግፊታቸው ከ21 በታች ሆኖ ነርቫቸው የሚጎዳ ሰዎችም አሉ፤ ስለሆነም ቁጥሩ ብቻውን አያዝናናም።

አሁን ልማዶቻችንን ከዚህች ስሌት ጋር እናስተያይ። አንገት የሚያንቅ ክራባት፣ ትንፋሽን ይዞ ከባድ ጀሪካን ማንሣት፣ ጭንቅላትን ዘቅዝቆ መቆየት የደም ሥሩን 9 ከፍ ያደርጋሉ፤ የተጨመረው ሁሉ በቀጥታ ዓይን ላይ ይደመራል። በጭንቅላት የመቆም ስፖርት ግፊቱን እጥፍ ሊያደርገው ስለሚችል ለታማሚ አይመከርም። በሱጁድ ጊዜ የሚታየው ጭማሪ ግን አጭር ነው፤ ቀና ሲሉ ይመለሳል። አንድ ሊትር ውኃ በአንድ ትንፋሽ መጠጣት ግፊቱን ለጊዜው በጥቂት ሚሊ ሜትር ከፍ ስለሚያደርግ በኢፍጣር ሰዓት ቀስ ብሎ መጠጣት ይሻላል። ቡና በግላኮማ ታማሚ ላይ የሚጨምረው ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ሲሆን ከአንድ ሁለት ሰዓት አያልፍም። ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ግፊቱን ይቀንሳል።

ስለ ጭንቀት ብዙ ይወራል። ጭንቀት ግፊትን ለጊዜው ከፍ እንደሚያደርግ ታውቋል። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ የኒው ዴልሂ ጥናት፣ ለሦስት ሳምንታት በየቀኑ በጽሞና የተቀመጡ ታማሚዎች ግፊታቸው በአማካይ ከ19 ወደ 12.7 ወርዷል። ውጤቱ ያስደስታል፤ ነገር ግን ጥናቱ አጭር ነበር፣ ታማሚዎቹም መድኃኒታቸውን አላቋረጡም። «የዓይኔ በሽታ ከሐሳብ የመጣ ነው» ብሎ ጠብታውን የሚተው ሰው ወንፊቱን ረስቷል።

በበርጫ ላይ የሚጠፋው ጊዜ ሌላ አደጋ አለው። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚዛመድ ስለሆነ ብሌንን ያሰፋል። ማዕዘኑ በተፈጥሮው ጠባብ በሆነ ዓይን የብሌን መስፋት መውጫውን ድንገት ሊዘጋ ይችላል። ዓይን በብርቱ ታምሞ ቢቀላ፣ በመብራት ዙሪያ ቀስተ ደመና መሰል ክብ ቢታይ፣ ማስመለስ ቢከተል፣ በዚያው ዕለት ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል። በምርቃና የተረሳ የማታ ጠብታም ከጉዳቱ ይቆጠራል።

በእኔ ግምት ከቡናና ከክራባት ይልቅ ልንፈራው የሚገባን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው ዴክሳሜታዞን ነው። በአቧራና በንፋስ የሚያሳክከውን ዓይን ቶሎ ስለሚያስታግስ ይወደዳል። ነገር ግን ይህ የስቴሮይድ ጠብታ ለሳምንታት ሲወሰድ ከሦስት ሰዎች በአንዱ ያህል ወንፊቱን እያጠበበ ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ በጥቂቶች ላይ ጭማሪው እጅግ ብርቱ ነው። ቡና የሚጨምረው ለሰዓታት፣ ይህ የሚጨምረው ለወራት ነው።

በረመዳን ቀን ቀን ጠብታ የሚያቋርጡም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1997 በጅዳ የተሰበሰበው ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ፣ ወደ ጉሮሮ የደረሰውን እስካልዋጡ ድረስ የዓይን ጠብታ ጾምን እንደማያፈርስ ወስኗል። ልቡ የማይረጋ ሰው ከሐኪሙ ጋር ተመካክሮ ጠብታውን በሱሁርና ከኢፍጣር በኋላ ማድረግ ይችል ይሆናል። ጠብታውን ካደረጉ በኋላ ዓይንን ጨፍኖ፣ በአፍንጫ በኩል ያለውን የዓይን ጥግ በጣት ለሁለት ደቂቃ ያህል መጫን ነው። መድኃኒቱ ወደ ጉሮሮ የሚወርድበት ቀጭን ቦይ በዚያ ስለሚያልፍ፣ ሲጫኑት አብዛኛው ዓይን ውስጥ ይቀራል።