የመስክ ጥናቱ ውጤት ወደ ቀበሌው ይመለስ

የሥነ ምህዳር ትምህርት ግማሹ ክፍል ውስጥ፣ ግማሹ ደግሞ አርሶ አደሩ ማሳ ላይ ይሰጣል። ለዚህ ትምህርት የሀዲያና የከምባታ ዞኖች አመቺ ናቸው። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው የአምበሪቾ ተራራ እስከ ሻሾጎ ወረዳ ረግረጋማ ሜዳ ድረስ ደጋውንም ቆላውንም በአጭር ጉዞ ማየት ይቻላል። የአካባቢው ምዕራባዊ ክፍል ውሃ ወደ ጊቤና ኦሞ፣ ምሥራቃዊው ደግሞ ወደ ብላቴ ወርዶ አባያ ሐይቅ ይገባል።

የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎች ለመስክ ጥናት ሲወጡ፣ በደን ውስጥ ብዙውን ጊዜ 20 በ20 ሜትር የሆነ የናሙና ቦታ ይከልላሉ። የዛፎቹን ዓይነት ይመዘግባሉ፤ የግንዱን ውፍረት ከመሬት 1.3 ሜትር ላይ ይለካሉ። በጓሮ ደግሞ የእንሰት ዝርያዎችን ይቆጥራሉ። ስሙን፣ ጠባዩንና ጥቅሙን የሚነግራቸው ግን አርሶ አደሩ ነው።

ከደጋው የሚወርደው አፈር

በሻሾጎ የሚገኘው ቦዮ ሐይቅና ረግረጉ በዓለም አቀፍ ደረጃ ከተመዘገቡ የአዕዋፍ መኖሪያዎች አንዱ ነው። ይሁንና ከላይኛው ተፋሰስ የሚመጣው ጎርፍ አፈር ይዞ ይወርዳል፤ የታችኞቹን አርሶ አደሮች ማሳም ያጥለቀልቃል። በመሆኑም የደጋው እርከን የቆላው ሰብል ዋስትና ነው። ይህን ትስስር በልኬት የሚያሳይ ጥናት የተፋሰስ ሥራን በየወረዳው ከፋፍሎ ከማቀድ ያድናል።

እንሰትና አጠውልግ

የእንሰት አጠውልግ በሽታ በባክቴሪያ የሚመጣ ሲሆን፣ በሳይንስ የታወቀው በ1960ዎቹ በኢትዮጵያ በተደረገ ጥናት ነው። በሽታው በተበከለ ቢላዋና በታመመ ችግኝ ይዛመታል። በወላይታ የሚታወቀው ማዚያ የተባለው ዝርያ በሽታውን የተሻለ እንደሚቋቋም በምርምር ተረጋግጧል። ዝርያውን ለይቶ ጠብቆ ያቆየው ግን አርሶ አደሩ ነው። ስለዚህ የጓሮ ቆጠራ ከመመረቂያ ጽሑፍ በላይ ዋጋ አለው፤ የትኛው ዝርያ በየትኛው ቀበሌ እየጠፋ እንደሆነ ያመለክታል።

አጥኚውም ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ናሙና የቆረጠበትን ቢላዋ በእሳት ሳይለበልብ ወደ ሌላ ጓሮ ከገባ፣ ሊያጠና የመጣውን በሽታ ራሱ ሊያዛምት ይችላል።

ከወረዳው ምን ይጠበቃል?

ተማሪው የትብብር ደብዳቤ ይዞ ግብርና ጽሕፈት ቤት ሲመጣ ጽሕፈት ቤቱ በምላሹ የሚጠይቀው ነገር ሊኖር ይገባል። ጥናቱ ሲያልቅ በአማርኛ ወይም በአካባቢው ቋንቋ የተጻፈ አንድ ገጽ ማጠቃለያ ማስረከብ ከባድ አይደለም። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ማጠቃለያውን በቀበሌው ስብሰባ ላይ ቢያቀርበው፣ አርሶ አደሩ የሰጠው ዕውቀት የት እንደደረሰ ያውቃል፤ የተሳሳተውንም ያርማል።

አርሶ አደሮችም ጓሯቸውን ከመክፈታቸው በፊት ጥናቱ ስለምን እንደሆነና ውጤቱ መቼ እንደሚነገራቸው መጠየቅ መብታቸው ነው። የጥናቱ ውጤት በመደርደሪያ ላይ ከቀረ፣ ቀጣዩ ተማሪ መጥቶ ያንኑ ጥያቄ እንደገና ይጠይቃቸዋል፤ አፈሩ ግን እስከዚያ ቆሞ አይጠብቅም።