የገና አባት ከወዴት እንደ መጣ

ሰው በየዓመቱ የሚያደርገውን ልማድ ከወዴት እንደ መጣ ሳይጠይቅ ብዙ ዘመን ይኖራል። አባቶቹ ሲያደርጉት አይቶ እርሱም ያደርገዋል፤ ልጆቹም ከእርሱ ይቀበላሉ። የልማድን ሥር የሚመረምር ሰው ግን ያላሰበውን ነገር ያገኛል። የገና አባት የሚባለው ሽማግሌ ታሪክም እንዲሁ ነው።

የልደት በዓል ሲቀርብ በኤውሮፓና በአሜሪካ፥ ከቅርብ ዘመን ወዲህም በአዲስ አበባ፥ የዚህ ሽማግሌ ሥዕል በየሱቁ ደጃፍ ይታያል። ልብሱ ቀይ፥ ጢሙ ነጭና ረጅም፥ ሰውነቱ ወፍራም፥ ፊቱም ሳቂታ ነው። ከበረዶ አገር እንደ መጣ ለልጆች ይነገራቸዋል። ስለዚህ ብዙ ሰዎች ነገሩ ሁሉ ተረት ይመስላቸዋል። ነገር ግን የተረቱ መነሻ ኤጲስ ቆጶስ የነበረ ሰው ነው፤ አገሩም የበረዶ አገር አልነበረም።

ስሙ ኒቆላዎስ ይባላል። በ4ኛው መቶ ዓመት ሜራ በምትባል ከተማ ይኖር ነበር። ሜራ ዛሬ የቱርክ ግዛት በሆነው አገር፥ በሜዲቴራኒያን ባሕር ዳር የነበረች ከተማ ናት። መታሰቢያውን አብያተ ክርስቲያናት እስከ ዛሬ ያከብራሉ፤ በምዕራባውያን ዘንድ ዲሴምበር 6 ቀን፥ በኢትዮጵያ ስንክሳር ታኅሣሥ 10 ቀን ይውላል። ቀኖቹ የተለያዩ ቢመስሉም በሁለቱም ወገን ከመታሰቢያው እስከ ልደት በዓል ያለው ጊዜ 19 ቀን ነው። ልዩነቱ የዘመን አቈጣጠር ብቻ ነው።

የኒቆላዎስ ሕይወት በመጽሐፍ የተጻፈው ከሞተ ከብዙ ዘመን በኋላ ስለ ሆነ፥ ሊቃውንት ሁሉን እንደ ተረጋገጠ ታሪክ አይቀበሉትም። ከሁሉ ይልቅ የታወቀው ግን ይህ ነው። አስቀድሞ ባለጠጋ የነበረ አንድ ሰው ገንዘቡን ሁሉ አጥቶ ደኸየ። ሦስት ሴቶች ልጆች ነበሩት። በዚያ አገር ልማድ ሴት ልጅ ስታገባ አባትዋ ገንዘብ ይሰጣት ነበርና፥ ባዶ እጃቸውን የሚያገባቸው አልተገኘም። አባትየውም የሚበሉትን ባጣ ጊዜ ልጆቹን ለዝሙት ሥራ ሊሰጥ አሰበ።

ኒቆላዎስ ይህን ሰማ። ወላጆቹ ያወረሱት ሀብት ነበረውና፥ ወርቅ በከረጢት ቋጥሮ በሌሊት ሄደ፤ በመስኮትም ወርውሮ ተመለሰ። በዚያ ወርቅ ታላቂቱ ልጅ ተዳረች። ሁለተኛም እንዲሁ አደረገ፤ መካከለኛይቱም ተዳረች። በሦስተኛው ጊዜ አባትየው ሳይተኛ ይጠብቅ ነበርና የወርቁን ድምፅ ሰምቶ ሮጠ፤ ደረሰበትም። በእግሩ ላይ ወድቆ ሊያመሰግነው በጀመረ ጊዜ ኒቆላዎስ በሕይወቱ ሳለ ይህን ነገር ለማንም እንዳይናገር አስማለው።

ኒቆላዎስ በቀን ሄዶ ወርቁን በእጁ ሊሰጥ ይችል ነበር። እንዲህ ቢያደርግ ግን ጎረቤት ሁሉ የሰውየውን መቸገር፥ በልጆቹም ላይ ያሰበውን ክፉ ነገር ይሰማ ነበር። የሰጪው ስም በታወቀ መጠን የተቀባዩም ችግር አብሮ ይታወቃል። ስለዚህ ያ ሌሊት የሸፈነው የኒቆላዎስን ትሕትና ብቻ አይደለም፤ የሦስቱንም ልጆች ክብር ሸፍኖአል።

እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1087 ዓ.ም. የባሪ ከተማ መርከበኞች ዐፅሙን ከሜራ ወደ ኢጣልያ ወሰዱት፤ ዝናውም በምዕራብ አገር ይልቁን ሰፋ። በሆላንድ አገር ልጆች በበዓሉ ዋዜማ ጫማቸውን አኑረው ይተኛሉ፤ ጧትም ስጦታ ያገኙበታል። ሆላንዶች ቅዱሱን «ሲንተርክላስ» ብለው ይጠሩታል። በ17ኛው መቶ ዓመት እነዚህ ሰዎች በአሜሪካ፥ ኋላ ኒው ዮርክ የተባለችውን ከተማ መሠረቱ። ስሙም በዚያ አገር በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች አፍ ተለውጦ «ሳንታ ክላውስ» ሆነ።

በ1823 ዓ.ም. ዲሴምበር 23 ቀን ትሮይ በምትባል የአሜሪካ ከተማ የሚታተም ጋዜጣ፥ የደራሲው ስም ያልተጻፈበት አንድ ግጥም አወጣ። ሽማግሌው በልደት ዋዜማ ሌሊት ስምንት አጋዘኖች በሚስቡት የበረዶ ሠረገላ እንደሚመጣ፥ በጢስ መውጫም ወርዶ የልጆችን ካልሲ በስጦታ እንደሚሞላ ያወራው ይህ ግጥም ነው። ከ21 ዓመት በኋላ ክሌመንት ሙር የሚባል መምህር ግጥሙን በራሱ መጽሐፍ ውስጥ አሳተመው። ከ1863 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ቶማስ ናስት የሚባል ሠዓሊ ወፍራምና ጢማም አድርጎ በየዓመቱ በጋዜጣ ይሥለው ነበር። ቀዩን ልብስ ያለበሰው ኮካ ኮላ የሚባለው የመጠጥ ኩባንያ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን ያ ኩባንያ የታወቀውን ሥዕል ሃደን ሰንድብሎም በሚባል ሠዓሊ ማሠራት የጀመረው በ1931 ዓ.ም. ነው፤ ሌሎች ሠዓሊዎች ከዚያ አስቀድሞ ቀይ ልብስ አልብሰውት ነበር።

እንዲህ ሆኖ የኤጲስ ቆጶሱ ስምም ልብስም አገርም ተለወጠ። በሌሊት ተሰውሮ የሄደው ሰው ዛሬ በሱቅ ደጃፍ ቆሞ ገበያተኛ ይጠራል። ይሁን እንጂ ከፊተኛው ሥራው አንድ ነገር ቀርቶአል። አባትና እናት በድካማቸው ገንዘብ የገዙትን ስጦታ ልጆቹ ሲተኙ በስውር ያኖራሉ። ጧት ልጆቹ ደስ ብሎአቸው የገና አባትን ሲያመሰግኑ ወላጆቹ ዝም ብለው ይሰማሉ። ምስጋናውን ለሌላ መተው ለእነርሱ አይከብዳቸውም፤ የልጆቻቸው ደስታ ይበቃቸዋልና።

ለልጁ እንዲህ የሚያደርግ ሰው ለጎረቤቱም ማድረግ ይችላል። የድሀ ልጅ የሚማርበትን ደብተር የገዛ ሰው ለመምህሩ ሰጥቶ ስሙን ቢተው፥ ልጁ በጓደኞቹ ፊት አያፍርም። ለተቸገረች መበለት እህል የላከ ሰው በማኅበር መካከል ባያወራው፥ እርስዋ በዚያ ማኅበር ራስዋን ቀና አድርጋ ትቀመጣለች። ሰጥቶ የሚያወራ ግን በእጁ የሰጠውን በአንደበቱ መልሶ ይወስዳል። ቀይ ልብስና ነጭ ጢም ማንም በገንዘቡ ይገዛል፤ የኒቆላዎስ ሥራ ግን ሰጥቶ ዝም ማለት ነበረ።