የአያት እርምጃ

የ2010 ዓ.ም. ገናን ወረታ፣ ከወላጆቼ ጋር አሳለፍን። በበዓሉ ማግሥት አባቴ፣ «ይሄ ልጅ ጣናን የሚያውቀው ከባሕር ዳር በኩል ብቻ ነው። በእግራችን ወርደን የፎገራውን ዳር እናሳየው» አሉ። ያኔ ሰባ አራት ዓመታቸው ነበር፤ ልጄ ዘጠኝ። እናቴ ቆሎና ድፎ ዳቦ ቋጠሩልን። እኔ ሁለት ሃይላንድ ውሃ ያዝኩና በቂ መሰለኝ።

ጠዋት ባጃጁ ሜዳው መሐል አወረደን፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እዚያው እንዲጠብቀን ተቀጣጥረን በእግር ቀጠልን። ፎገራ ዝርግ ነው፤ ተራራው በሩቅ ይታያል እንጂ አይቀርብም። ከምሥራቅ የሚወርዱት ርብና ጉማራ በክረምት ሞልተው ሜዳው ላይ ይተኛሉ፤ ደለላቸውንም ጥለው ወደ ጣና ይገባሉ። በታኅሣሥ መጨረሻ ግን ውሃው ሸሽቶ ጥቁሩ አፈር ተሰነጣጥቋል። የታጨደው ሩዝ በየአውድማው ተከምሯል። በቀረው እርጥበት የተዘራው ጓያ ደግሞ ገና አረንጓዴ ነው።

«አባባ፣ ሩዝ ከውጭ አይደል እንዴ የሚመጣው?» አለ ልጄ።

አባቴ ቆም አሉ። እሳቸው ልጅ ሳሉ ይህ ሁሉ ውሃ የሚተኛበት መሬት የከብት ግጦሽ እንደነበር ነገሩት። የፎገራ ላም በወተቷ የታወቀችው በዚህ ሣር ነው። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ባሉበት ሩዝ ተሞከረ፤ ውሃ የማይጎዳው እህል ሆኖ ስለተገኘ ገበሬው ወደደው። ዛሬ እናቴ እንኳ ጤፉን ከሩዝ ቀላቅለው ነው እንጀራ የሚጋግሩት። «ግጦሹ ታረሰ፤ ላሚቱም እያነሰች ሄደች። አንዱ ሲገባ አንዱ ይወጣል» አሉት። ልጄ በትምህርት ቤት ያልሰማውን ያን ዕለት ሰማ።

በታጨደው ማሳ ላይ እግራቸው ረጃጅም የሆነ ግራጫ ወፎች በመንጋ የወደቀ ፍሬ ይለቅማሉ። የሰሜኑን ብርድ ሸሽተው በየዓመቱ እዚህ ይከርማሉ። ልጄ ሊቆጥራቸው ሞከረና መቶ ላይ ተሳሳተበት፤ አባቴም እንደገና አብረውት ጀመሩ። እኔ ሰዓቴን አይ ነበር። አሁን ሳስበው፣ ያን ጊዜ አባቴ የቆሙት ለወፎቹ ብቻ አልነበረም፤ እያረፉም ነበር።

ዳሩ ስንደርስ ልጄ ዙሪያውን አየና፣ «ሐይቁ የታለ?» አለ።

ከፊታችን አረንጓዴ ነገር ተነጥፏል፤ እምቦጭ። ጣና ላይ ከታየ ገና ጥቂት ዓመታት ቢሆነው ነው። ውሃው ከእሱ ማዶ በቀጭኑ ያበራል። ገበሬዎች እስከ ወገባቸው ገብተው በእጃቸው እየነቀሉ ወደ ዳር ይጎትታሉ። ከነቀሉት ግን የሚበቅለው ይፈጥናል፤ ዘሩም ደለል ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። አባቴ ዋና የተማሩት እዚህ ዳር ነው። ሊያሳዩት የመጡት እሱን ነበር። ምንም ሳይሉ ተቀመጡና ድፎውን ቆርሰው ለልጄ ሰጡት፤ የራሳቸውን ውሃም ጨምረው።

ስንመለስ ስድስት ሰዓት አልፏል። ሜዳው ላይ ጥላ የሚሆን ዛፍ የለም። ውሃችን አልቋል። ግማሽ መንገድ ሳንደርስ አባቴ ጉልበታቸውን ይዘው የማሳ ዳር ላይ ተቀመጡ። «ሂዱ፤ እደርስባችኋለሁ» አሉ። ፊታቸውን ሳይ ደነገጥኩ።

የሩዝ ገለባ የጫነ የአህያ ጋሪ መጣ። ባለጋሪው ወጣት ገና ሳንለምነው፣ «አባት፣ ይውጡ፤ ገለባ ነው፣ አይቆረቁርም» አለ።

«በዚህ ሜዳ በእግሬ ሄጄ ነው ያደግሁት። እንደ ጆንያ አልጫንም» አሉ አባቴ።

እኔ መለመን ጀመርኩ፤ ባሰባቸው። ልጄ ግን እጃቸውን ያዘና፣ «አባባ፣ እኔ በጣም ደክሞኛል። ብቻዬን ጋሪ ላይ እፈራለሁ» አላቸው።

አባቴ አዩት። ከዚያ፣ «እንግዲህ ልጁ ከደከመውማ» ብለው ተነሡ። እኔ ከኋላ በእግሬ ተከተልኩ። ባጃጁ ጋ ስንደርስ ልጄ ከጋሪው ዘልሎ ወርዶ ወፍ እያባረረ ሮጠ፤ ድካም የሚባል አልነበረበትም።

ከዚያ ወዲህ ከሽማግሌና ከልጅ ጋር መንገድ ስወጣ የምጠብቃቸው ነገሮች አሉ። የጉዞውን ርቀት የምለካው በትልቁ ሰው ጉልበት ነው። የምንመለሰው ጉልበቱ ሳያልቅ፣ ፀሐይም ሳትበረታ ነው። ውሃ ለእያንዳንዱ ለየብቻ እይዛለሁ፤ አያት የራሱን ለልጅ ልጁ እንደሚሰጥ አውቄያለሁና። «ደከመዎት ወይ?» ብዬም አልጠይቅም፤ መልሱ ሁልጊዜ «አልደከመኝም» ነው። «እኔ ትንሽ ልረፍ» እላለሁ።

ማታ እናቴ ለብ ያለ ውሃ በጨው አቀረቡላቸው። አባቴ እግራቸውን ነክረው፣ «ልጁ ደክሞት በጋሪ መጣን» አሏቸው። እናቴም ወደ ልጄ ዞረው፣ «አይዞህ የኔ ጌታ፣ የከተማ ልጅ አይደለህ» አሉት። ልጄ እኔን አየኝና ዝም አለ።